ሽመላ ጨፌን መሻገር

ጨፌው ዳር ስንደርስ ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን በማሰሪያው አንገታችን ላይ አንጠለጠልን። እናቴ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በመቀነቷ አጠበቀችው። እኔ ሱሪዬን ጠቀለልኩ። ባለቤቴ እንጉዳይ፣ እግሩ እንዳይረጥብ ብላ ሕፃኑን ከፍ አድርጋ እንደገና አዘለችው። ከፊታችን ዓይን እስኪደክም ድረስ የተሰነጣጠቀ ደረቅ መሬት ነበር። እዚያ መሬት ላይ ውሃ የታየው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው።

ገምጋሚያችን ወይዘሪት ሜላት ጃንጥላዋን ዘርግታ ትጠብቀን ነበር። ጨዋ ልጅ ናት፤ ባለፈው ዓመትም እሷው ነበረች የደረሰችን። ለልጆች ብስኩት ይዛ ትመጣለች፣ እናቴን «እማማ» ትላታለች፣ የወገቧን ሕመም ትጠይቃታለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። እሷ ጫማዋን አታወልቅም። ገምጋሚ አይረጥብም።

«ዛሬ የምትመራው ትርንጎ ናት አይደል?» አለች።

«እሷው ናት» አለች እናቴ፣ የልጄን ትከሻ ወደፊት ገፋ እያደረገች። «መንገዱን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። በቅርቡ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። በእጇ ከቁመቷ የሚበልጥ የፕላስቲክ ቧንቧ ይዛለች፤ እኛ ሸንበቆ ነው የምንለው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር፣ እኔንም እንደዚሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨፌው ሲደርቅ የአያቶቼ አገር ከድጡ ወደ ማጡ ሄደ። መጀመሪያ ዓሣው፣ ቀጥሎ ከብቱ፣ በመጨረሻም ሰዉ አለቀ። የተረፉትን ወደ ላይ ከተማ ሲያሰፍሯቸው ውሃው አንድ ቀን ይመለሳል ተባለ፤ ሲመለስ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው እስከዚያው ድረስ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ላይ ከተማ ቧንቧ የሚከፈትለት የጨፌ ወራሽ የሆነ ሰው ብቻ ነው፤ ወራሽነቱ የሚታወቀውም በየዓመቱ መስከረም ላይ ጨፌውን እንደ ድሮው ሲሻገር ነው። ልጅ ስምንት ዓመት ሲሞላው አንድ ጊዜ ከፊት ሆኖ ይመራል። ድሮ ሰው የሚውጥ ማጥ የነበረበትን ቦታ የረገጠ ሰው ሰምጧል ይባላል። የሰመጠ ሰው ቧንቧ የለውም። በዚያው ቀን ከመምሸቱ በፊት ወደ ታች ሰፈር ይወሰዳል፣ ሕፃንም ሆነ ሽማግሌ። አብሮት መሄድ የሚችለው ሌላ የሰመጠ ሰው ብቻ ነው።

እኔ የቦቴ ሾፌር ነኝ። ለታች ሰፈር ውሃ የማደርሰው እኔ ነኝ፣ ቦቴው ካልተበላሸ በሳምንት አንዴ፣ ሲበላሽ እንደ ዕድላቸው። ብቻቸውን የመጡ ልጆች ጀሪካናቸውን አቅፈው ተሰልፈው አያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ስማቸውን ስጠይቃቸው ለመናገር አፋቸው ደርቆ ይቸገራሉ። እንጉዳይ እንዴት ናቸው ስትለኝ ደህና ናቸው እላታለሁ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ክረምቱን ሙሉ እናቴ ልጄን ስታሠለጥን ከረመች። ክረምት የሚባለው ስሙ ቀርቶ ነው እንጂ ዝናብ የለውም። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ባዶ ጀሪካኖች ደርድራ ድንጋይ ናቸው ትላታለች፣ የልብስ ማስጫውን የውሃ ዳር ሣር፣ ፊላ ነው ትላታለች። ጎረቤት ሁሉ እንደዚያው ስለሚያሠለጥን ግቢያችን አየር ላይ በሚዋኝ ሕዝብ የተሞላ ነበር። እናቴ ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ታስጠናት ነበር፣ ስታበላትም፣ ፀጉሯን ስትሠራትም።

«ማጡን በምን ትለይዋለሽ?»

«ከሁሉ የበለጠ የለመለመው እሱ ነው።»

«ለምለም ብታዪስ?»

«ዞሬ አልፋለሁ።»

ትርንጎ ይህንን ያለ ስህተት ትመልሳለች። ነገር ግን በሕይወቷ መሬት ላይ የበቀለ ለምለም ነገር አይታ አታውቅም። እኔም ብዙ አላየሁ።

ጉዞውን ጀመርን። ትርንጎ ከፊት፣ ቀጥሎ እናቴ፣ ከዚያ እንጉዳይ፣ ከኋላ እኔ። ሜላት ጎን ለጎን ትሄዳለች። በእጇ በያዘችው መስታወት ውስጥ የድሮው ውሃ ይታያታል፤ እኛ አቧራ ላይ ስንሄድ እሷ የት ቁርጭምጭሚታችን፣ የት ጉልበታችን ድረስ እንደረጠብን ታያለች።

ልጄ በደንብ መራችን። ቄጤማው የነበረበት ቦታ ስንደርስ ወደ ጎን ዞራ በሁለት እጇ አየሩን እየከፈለች ገባች፣ እኛም ተከተልናት። ቄጤማው ሲያልቅ ቆመች።

«አልቅት» አለች።

ሁላችንም ቆመን የእግራችንን ኋላ ፈተሽን። እናቴ ከቋጠሮዋ ጨው አውጥታ ባቷ ላይ ነሰነሰች፣ ከዚያም የሌለውን አልቅት ነቅላ ወረወረችው። ድሮ እውነተኛው ሲይዛት ትል የነበረውን ስድብ እንኳ አልተወችም። ትርንጎ ሳቋን አፈነች። ሜላትም ፈገግ አለች፤ ስድቡ መንገዱ ውስጥ አለበት መሰለኝ።

«እሰይ፣ በጣም ጥሩ ነው» አለች ሜላት።

መሀል ላይ ደሴት የምንለው ከፍ ያለ ቦታ አለ። ድሮ ሰዎች ከውሃው ወጥተው የሚያርፉበት ነው፤ እኛም ማረፍ አለብን። ተቀምጠን ቆሎ በላን። ሜላት ለትርንጎ ብስኩት ሰጠቻት። እናቴ እግሯን ዘርግታ ወሬዋን ቀጠለች። እዚህ ጋ ለበዓል ቄጤማ ያጭዱ ነበር፣ እዚያ ማዶ ላሞች እስከ ሆዳቸው ገብተው ይግጡ ነበር፣ ማታ ማታ የእንቁራሪቱ ጩኸት ሰው ለሰው አያሰማም ነበር።

«ምን ይመስላል ጩኸቱ?» አለች ትርንጎ።

እናቴ ጉንጯን ነፍታ አሰማቻት። ሕፃኑ በእንጉዳይ ጀርባ ላይ ሆኖ ተንፈራፈረ፣ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ነፋስ ነፈሰ፤ አንድ አፍታ እግሬ የቀዘቀዘ መሰለኝ። በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግማሹን አልፈናል፣ ልጄ አንድም ስህተት አልሠራችም።

«እማማ፣ እውነት ውሃው ይመለሳል?» አለች ትርንጎ።

እናቴ ወደ ሜላት አየት አደረገችና «ጋሽ ይርዳው ተመልሷል ብለው አልነበር?» አለች።

ጋሽ ይርዳው ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። አምና ሲሻገሩ ከዳር ቆመው «ይኸው ረጥቧል» ብለው መሰከሩ። ውሃ መመለሱ ከተረጋገጠ ደንቡ ሁሉ ይሻራል፣ የሰመጡትም ይመለሳሉ ይላል ሕጉ፤ ለዚህ ነው ሽማግሌው የጓጉት። ባለሙያ መጥቶ ቆፈረ፤ ደረቅ ነው አለ። ባለሙያው የመጣው ከወር በኋላ ነው። ወር ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የከረመ መሬት ምን እንዲሆን ይጠበቃል? የጋሽ ይርዳው ጥፋት «ሐሰተኛ እርጥበት» ተባለ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ታች ሰፈር ወረደ። አሁን ሽማግሌው ቦቴዬ ሲደርስ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማሉ፣ ዓይን ለዓይን አንተያይም።

«እንሂድ፣ ፀሐይ እየከረረ ነው» አለች ሜላት።

ከደሴቱ በኋላ ያለው መንገድ ማጡን በሰፊው ዞሮ ያልፋል። ድሮ እዚያ ቦታ ትልቅ ምንጭ ነበር ይላሉ፤ ከብት ይሰምጥበት ነበር፣ የእናቴ ታላቅ ወንድምም እዚያ ነው የቀረው። ትርንጎ ሸንበቆዋን እየወጋች ዙሩን ጀመረች። ከዚያ ቆመች። ወደ ማጡ መሀል አየች።

«እማማ» አለች በሹክሹክታ።

ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት ሸንበቆዋን ጣለችና ሮጠች።

«ትርንጎ! ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማችኝም። ቀጥ ብላ፣ ባዶ እግሯን አቧራ እያስነሳች፣ ወደ መሀል ገባችና ቁጢጥ አለች። ሁለት እጇን መሬት ላይ አድርጋ ወደ እኛ ዞረች። ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር።

«አባዬ፣ ሣር! የእውነት ሣር ነው! አረንጓዴ ነው!»

ሜላት መስታወቷን አየች። ከዚያ ጃንጥላዋን አጠፈች። ሰው ሲሰምጥ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ለአክብሮት ነው።

«ሰምጣለች» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

እንጉዳይ «ልጄን!» ብላ ጮኸች፣ ልትሮጥ ስትል ወገቧን ይዤ አስቀረኋት። እንጉዳይ ከሌላ አገር ተድራ የመጣች ናት፤ እሷም ሕፃኑም የሚጠጡት በእኔ ወራሽነት ነው። እኔ ከሰመጥኩ ሁሉም ሰመጡ ማለት ነው። ደንቡ አንድ ነገር ይፈቅዳል፦ ከዳር ሳያልፉ በጋቢ ወይም በሸንበቆ ጎትቶ ማውጣት። ጋቢዬን ገፍፌ በደረቴ ተኛሁ፣ አንዱን ጫፍ ይዤ ወረወርኩት። ትርንጎ ጋቢው ሲወድቅ ስታይ የሆነው ገባት። ሳቋ ጠፋ። እማማ እንዳስተማረቻት በሆዷ ተኝታ እጇን ዘረጋች፣ ልክ እንደሚሰጥም ሰው። መሀላችን ብዙ ነበር። ደግሜ ወረወርኩ፣ ሸንበቆውንም ቀጠልኩበት። አልደረሰም።

«አባዬ፣ ትንሽ ቅረብ» አለችኝ።

ክርኔ ከማጡ ዳር ላይ ነበር። ሜላት መስታወቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር የምታየው። አልቀረብኩም።

እናቴ ቀሚሷን ፈታ ለቀቀችው። ከእንግዲህ ምን ይረጥባል።

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው? ተይ!» አልኳት።

«ልጅቷ እዚያ ብቻዋን ልትወርድ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አንተ የሚጠብቁህ አሉ። እኔን የሚጠብቀኝ ማን አለ?»

ገባች። ቀስ ብላ፣ ወገቧን ይዛ፣ እንደ ቤቷ ገባች። ትርንጎ ጋ ስትደርስ በመጀመሪያ አላቀፈቻትም። ሣሩን ነው ያየችው። ተንበርክካ በጣቷ መሬቱን መቆፈር ጀመረች፣ መጀመሪያ በአንድ እጇ፣ በኋላ በሁለቱም። ከዚያ ያወጣችውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ቢተው!» ብላ ስሜን ጠርታ ጮኸች። ድምፅዋን እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። «ረጥቧል! ምንጩ ነው፣ ምንጩ! ና እየው!»

እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ከዳር ሆኜ አየሁት። ጣቶቿ እስከ መዳፏ ድረስ ጥቁር ነበሩ፣ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቁ ነበር። አቧራ አያብረቀርቅም። ጭቃ ነው።

ወደ ሜላት ዞርኩ። እሷ የምታየው መስታወቷን ነበር። እዚያ ውስጥ እናቴና ልጄ ያሉበት ቦታ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ውሃ ተሸፍኗል፤ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው እጅ አይታይም።

«ወይዘሪት ሜላት፣ ዓይንሽን ከመስታወቱ ላይ አንስተሽ እዪ» አለች እንጉዳይ።

«የእኔ ሥራ ይሄንን ማየት ነው፣ እትዬ እንጉዳይ» አለች ሜላት። በጭካኔ አልነበረም። እንዲያውም ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። «የሰመጠ ሰው ደግሞ ምስክር አይሆንም። ደንቡ ስለሚያዝ ግን እጠይቃለሁ። ከሕያዋን እርጥበት ያየ አለ?»

ሜላት እኔን አየች፣ ከዚያም እንጉዳይ ጀርባ ላይ ያንቀላፋውን ሕፃን አየች፣ እንደገና እኔን አየች።

«አቶ ቢተው፣ አስበው ይመልሱ። ባለሙያ እስኪመጣ ጊዜ እንደሚወስድ ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። ወር ይወስዳል። ያንን የጣት ጉድጓድ ፀሐይ በአንድ ቀን ያደርቀዋል፣ ሣሩንም በሦስት ቀን። አየሁ ብል የቀረነው ሦስታችንም፣ ሕፃኑም ጭምር፣ እንወርዳለን። ወይም ደግሞ እንደረጠበ ይቆይ ይሆናል፤ ምንጩ እውነት ተመልሶ ይሆናል፤ ባለሙያው ቆፍሮ ውሃ ያገኝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ታች ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ በእኔ አንድ ቃል ይመለስ ይሆናል። ሁለቱንም አሰብኩ። ብዙ አላሰብኩም።

«አይተሃል እኮ» አለችኝ እንጉዳይ በሹክሹክታ። እንድናገር ትፈልግ ይሁን እንዳልናገር ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። ሕፃኑን ወደ ጀርባዋ አጥብቃ ይዛው ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

በደረቅ መሬት ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። እናቴ ሰማች። እጇን ዝቅ አደረገች። አልተቆጣችም፣ ስሜን አልጠራችም። ትርንጎን አጠገቧ አስቀምጣ እጇን ይዛ ወደ ጉድጓዱ አስገባችው።

«ንኪው» ስትላት ሰማኋት። «ቀዝቃዛ ነው አይደል? ለእኛም ቢሆን ይበቃል፣ ንኪው።»

አፈርኩ። ያንን ለማለት ሌላ ቃል የለኝም።

ሜላት ጃንጥላዋን መልሳ ዘረጋች። የሰመጡትን መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ እስከዚያ ካሉበት መነሳት አይፈቀድላቸውም። ሕያዋን ግን መንገዱን መጨረስ አለብን፣ ካልጨረስን መሻገሩ አይያዝልንም። ለሐዘን የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። እንጉዳይ ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች ቀሚሷን ሰበሰበች። መሪው ስለሰመጠ የሚመራው ቀጥሎ ያለው ወራሽ ነው፤ ከሰመጠ ሰው መንገድ መቀበል አይፈቀድም። ሸንበቆውን ከጋቢዬ ፈትቼ አነሳሁ።

«ወደ ኋላ አይዙሩ» አለችኝ ሜላት። «ከመንገድ ይወጡብኛል።»

ወደ ኋላ ሳልዞር የማጡን ዙር ጨረስኩ። ከማጡ በኋላ ያለውን እናቴ በየዓመቱ ትመራበት የነበረውን መንገድ እኔ በስምንት ዓመቴ አንዴ ከመራሁ ወዲህ ከኋላ ሆኜ ጀርባዋን እያየሁ ነው ያለፍኩት፤ እንደገና እመራዋለሁ ብዬ አስቤው አላውቅም። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ሁለት አቅጣጫ ያለበት ቦታ ደረስኩ። በስተቀኝም በስተግራም ያው የተሰነጠቀ መሬት ነው። በአንደኛው በኩል ሌላ ማጥ አለ፤ በየትኛው እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ክረምቱን ሙሉ ልጄ ግቢያችን ውስጥ መንገዱን ጮኻ ስታጠና የሰማሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ሄደ። ሸንበቆውን ግራ ወጋሁ፣ ቀኝ ወጋሁ። ሁለቱም ጠንካራ ነው።

«አቶ ቢተው?» አለች ሜላት።

እንጉዳይ ከኋላዬ ሆና ሸሚዜን ይዛኛለች። ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። እግሬን ወደ ቀኝ አነሳሁ።

«አባዬ!»

ከሩቅ፣ ከኋላዬ፣ ከማጡ መሀል ነው።

«አባዬ፣ በቀኝ አይደለም! በግራ ነው! በግራ ሂድ!»

እግሬን መለስኩ። ሜላት መስታወቷን ዝቅ አድርጋ በባዶ ዓይኗ አየችኝ። ላቧን በመሀረቧ ጠረገች።

«የሰሙት ነገር አለ?» አለችኝ።

«ምንም አልሰማሁም» አልኩና ወደ ግራ ታጠፍኩ።